ቁናው የማን ነው? ስለ መርሳት በሽታ ጥናትና ስለ በጎ ፈቃደኞቹ

ሳይንስ ብዙ ነገሮችን በቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ መርምሮ ሊደርስባቸው ይችላል። የብረትን ዝገት፣ የባክቴሪያን መራባት ወይም የብርሃንን ፍጥነት ለማጥናት የማንንም ፈቃድ መለመን አያስፈልግም። የሰው ልጅ የማስታወስ ችሎታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አይጥ የለመደችው መንገድ ሲጠፋባት ማየት ይቻላል፤ የገዛ ልጇ ስም የጠፋባት እናት ምን እንደሚሰማት ግን አይጥ ልትነግረን አትችልም። ስለ ትውስታና ስለሚያረጅ አንጎል ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ጊዜያቸውን፣ ደማቸውን፣ የሕይወት ታሪካቸውን፣ አንዳንዶቹም ከሞት በኋላ አንጎላቸውን ለጥናት ከሰጡ ሰዎች ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ሰዎች ጥቂቶቹን ለአንባቢያን ማስተዋወቅና አንድ ሐሳብ ለውይይት ማቅረብ ነው። ሐሳቡም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ በሀገራችን የመርሳት በሽታን ከተራ እርጅና ለመለየት የራሳችን መስፈሪያ ያስፈልገናል፤ ይህም መስፈሪያ የሚሠራው ከሕሙማን ብቻ ሳይሆን በዋናነት ከጤነኞች፣ ከወጣቶችም ጭምር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እርጅናና በሽታ

ሰው በዕድሜ እየገፋ ሲሄድ የሰው ስም ቶሎ አለመምጣቱ፣ መነጽር ያስቀመጡበት ቦታ መጥፋቱ፣ አዲስ ነገር ለመልመድ ረዘም ያለ ጊዜ መፈለጉ የሚጠበቅ ነው። ዲሜንሽያ ተብሎ የሚታወቀው የመርሳት በሽታ ግን ሌላ ነው። በሽታው የያዘው ሰው መነጽሩን ያስቀመጠበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ውሎ አድሮ መነጽር ለምን እንደሚያገለግልም ይረሳል። አርባ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ይጠፋበታል፤ ገንዘብ መቁጠር፣ ልብስ መልበስ፣ ራሱን ማስተዳደር ይሳነዋል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ችግር ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ100 ከ60 የሚበልጡትም የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ነው። ከሕሙማኑ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆኑት መንስኤው አልዛይመር የተባለው በሽታ ነው።

የዚህ በሽታ ታሪክ ራሱ ከአንዲት ሴት ይጀምራል። አውጉስተ ዴተር በ51 ዓመቷ፣ በ1901፣ ፍራንክፈርት በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ሐኪሟ አሎይስ አልዛይመር የመርሳቷን ሁኔታ በጥያቄና መልስ መልክ በዝርዝር መዘገበ። በ1906 ስታርፍ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በነርቭ ህዋሳት መካከል የተጋገሩ ክምችቶችን፣ በህዋሳቱ ውስጥ ደግሞ የተቋጠሩ ክሮችን አገኘ። ክምችቶቹ አሚሎይድ፣ ክሮቹ ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠሩ መሆናቸው የታወቀው ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተደረሰባቸው ቁም ነገሮች ለወጣት አንባቢ እጅግ አስፈላጊው ይህ ነው፦ አሚሎይድ በአንጎል ውስጥ መከማቸት የሚጀምረው የመርሳት ምልክት ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመታት አስቀድሞ ነው። በ70 ዓመታቸው ልጆቻቸውን መለየት ያቃታቸው አዛውንት በሽታው ሥር የሰደደባቸው ገና በሥራ ላይ ሳሉ ሊሆን ይችላል። የአዛውንቶች የሚባለው በሽታ በጎልማሶች አንጎል ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ የጥናቱም ተሳታፊዎች አዛውንት ሕሙማን ብቻ ሊሆኑ አይችሉም።

ለዕውቀት የተሰጡ ሕይወቶች

በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ኤች. ኤም. በሚል ምሕጻረ ቃል ብቻ ይታወቅ የነበረው አሜሪካዊ ሄንሪ ሞሌይሰን የተወለደው በ1926 ነው። ብርቱ የሚጥል በሽታ ስለነበረበት በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለ ሐኪም ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ የተባለውን ክፍል አብዛኛውን ከአካባቢው ጋር ቆርጦ አወጣለት። የሚጥለው በሽታ ቀለለ፤ ሞሌይሰን ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚገጥመውን አዲስ ነገር አእምሮው ውስጥ ማኖር አቃተው። ያነጋገረው ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለው ነበር።

ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ካናዳዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኮከብ የሚመስል ሥዕል ሰጥታው፣ እጁን በመስተዋት ውስጥ ብቻ እያየ ዙሪያውን በእርሳስ እንዲከተል አደረገች። ሞሌይሰን በሦስት ቀናት ውስጥ ሥራውን አሻሻለ፤ ነገር ግን ሥዕሉን ከዚያ በፊት አይቶት እንደሚያውቅ አያስታውስም ነበር። ከዚህም ትውስታ አንድ ወጥ ነገር እንዳልሆነ፣ እጅ የሚማረውና ልብ የሚያስታውሰው በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች እንደሚያዙ ታወቀ። ሞሌይሰን በ2008 እስኪሞት ድረስ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ተጠና፤ ከሞተ በኋላም አንጎሉ 2,401 ስስ ቁራጮች ሆኖ ለምርምር ተቀመጠ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከገዳም የተገኘ ነው። ዴቪድ ስኖውደን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1986 በሚኒሶታ ግዛት፣ ማንኬቶ ከተማ፣ በአንድ የካቶሊክ መነኮሳይያት ማኅበር ውስጥ ጥናት ጀመረ። ጥናቱ እየሰፋ ሄዶ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 678 መነኮሳይያት ተሳተፉበት። ሁሉም በየጊዜው የማስታወስ ፈተና ለመውሰድ፣ የግልና የሕክምና መዝገባቸው እንዲከፈት፣ ሲሞቱም አንጎላቸው እንዲመረመር ተስማሙ። መነኮሳይያቱ የተመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማዕዳቸው፣ መኖሪያቸው፣ የሚያገኙት ሕክምና ተመሳሳይ ነው፤ ትምባሆ አያጨሱም። በመካከላቸው ልዩነት ሲታይ ምክንያቱን ለመፈለግ ይቀላል።

ተመራማሪዎቹ በማኅበሩ መዝገብ ቤት ውስጥ ያልጠበቁትን ሀብት አገኙ። ብዙዎቹ እኅቶች መሐላቸውን ከመፈጸማቸው በፊት፣ በአማካይ በ22 ዓመታቸው፣ አጭር የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው ነበር። በ1996 የታተመው ጥናት የ93 እኅቶችን ጽሑፍ መርምሮ፣ በወጣትነት ጽሑፋቸው ውስጥ በሐሳብ የታመቁ ዓረፍተ ነገሮች የነበሯቸው ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ በማስታወስ ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳየ። በሌላ በኩል እኅት ሜሪ ተብላ የምትታወቀው መነኩሲት ከ100 ዓመት በላይ ኖራ እስከ መጨረሻው በፈተናዎቹ ጥሩ ውጤት ስታገኝ ቆይታ፣ ከሞተች በኋላ አንጎሏ ሲታይ ግን የአልዛይመር ክምችቶች ሞልተውበት ተገኘ። አንጎል ጉዳት እያለበትም ሥራውን ሊቀጥል የሚችልበት አቅም እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከኮሎምቢያ ነው። በአንቲዮኪያ ግዛት በሚኖሩ ሰፊ ቤተ ዘመዶች ውስጥ ፕሬሰኒሊን 1 በተባለ ዘረ መል ላይ ያለ ለውጥ ከትውልድ ትውልድ ይተላለፋል፤ ለውጡን የወረሰ ሰው በ40ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ መርሳት ይጀምራል። ሐኪሙ ፍራንሲስኮ ሎፔራ እነዚህን ቤተሰቦች ለአሥርት ዓመታት ተከታተላቸው። በ2013 በተጀመረው የመድኃኒት ሙከራ ከዚሁ ዘር 252 ሰዎች፣ ገና ጤነኞች ሳሉ፣ ተሳተፉ። ክሬኔዙማብ የተባለው መድኃኒት ግን በሽታውን በግልጽ እንደማይገታ በ2022 ታወቀ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ድካማቸው ከንቱ ቀረ? አልቀረም። የማይሠራውን መንገድ ማወቅ የሚሠራውን ለመፈለግ የግድ ነው። በዚያው በ2022 ውጤቱ የተገለጸው ሌካኔማብ የተባለ ሌላ መድኃኒት 1,795 በጎ ፈቃደኞች በተሳተፉበት የ18 ወራት ሙከራ የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ ገደማ አዘገየ። ፈውስ አይደለም፤ በአንዳንዶቹም ላይ የአንጎል እብጠትና መድማት አስከትሏል። ሆኖም ከአውጉስተ ዴተር ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀው መንገድ እዚህ ሊደርስ የቻለው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ለራሳቸው ምንም ጥቅም ሊያገኙ እንደማይችሉ እየተነገራቸው ስለተሳተፉ ነው።

የመስፈሪያው ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንምጣ። አንድ ሰው የመርሳት በሽታ እንዳለበት የሚጠረጠረው በቅድሚያ በጥያቄዎች ነው። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ዓመተ ምሕረቱስ? እነዚህን ሦስት ቃላት ያዙ፣ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ። ክብ ሣሉና ሰዓት አድርጉት፤ ዘንጎቹም 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያሳዩ። ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ። ነገር ግን የተዘጋጁት ለማን እንደሆነ እስኪ እንመልከት።

ሰዓት ከመሣል እንጀምር። የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከጠዋት ጀምሮ ነው። «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» ሲባል አንዱ አዛውንት የእጅ ሰዓታቸውን በሀገራችን አቆጣጠር የሞሉ ናቸውና አጭሩን ዘንግ 11 ቁጥር አጠገብ ያሳርፉታል። ሌላው ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት እያዩ በሀገርኛ ማንበብ የለመዱ ናቸውና ያለ ጥርጥር 5 ቁጥር ላይ ያደርጉታል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የውጭውን የማረሚያ ሠንጠረዥ ይዞ ለሚቀመጥ መርማሪ ግን ሁለተኛው ሰው ጥርጣሬ ውስጥ ይገባሉ።

የቀን መቁጠሪያውም እንደዚሁ ነው። የእኛ ዓመት ከአውሮፓውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል፤ ወሮቻችንም አሥራ ሦስት ናቸው። እንበልና በዋሽንግተን ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት እናት በክሊኒክ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱን ቢጠየቁና የሚያውቁትን ቢመልሱ፣ አስተርጓሚው ነገሩን ካላስረዳ በስተቀር ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀሩ ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ።

በብዙ ሀገሮች የሚሠራበት ሌላው ጥያቄ ዓለም የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል አለው፤ በእኛ «ዓለም» ሦስት ብቻ። አምስት ነጥብ የሚሰጥበትን ጥያቄ በሦስት ፊደል መተካት የፈተናውን ክብደት ይለውጠዋል፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ደግሞ ጥያቄው ትርጉም የለውም። ሥዕል እያሳዩ ስም በሚያስጠራው የቦስተን ፈተናም ውስጥ ቢቨር የተባለው የወንዝ እንስሳ፣ ኢግሉ የተባለው የበረዶ ቤትና አስፓራጉስ የተባለው አትክልት ይገኛሉ። ሞፈርና ቀንበርን፣ ሞሰብና ጀበናን፣ የከብቱን መልክ ሁሉ በየስሙ የሚጠሩ ገበሬ እነዚህን ባያውቁ የታመመው አእምሯቸው ነው ሊባል ነውን?

በሌላ በኩል ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ጨዋታ አዋቂ፣ ተረትና ምሳሌ የማያጣቸው፣ ለጎረቤት ሁሉ ደኅና የሚመስሉ አዛውንት በሽታው ጀምሯቸው ሊሆን ይችላል። ቀላል ፈተና ከተሰጣቸው ያልፋሉ፤ ቤተሰብም እስከ መጨረሻው ሳይዘጋጅ ይቀራል። በተበደረ ቁና የሰፈረ ሰው እህሉ ይብዛም ይነስም አያውቅም።

ለሕዝባችን የሚሆን መስፈሪያ ለመሥራት ቃላቱን ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ትግርኛ ወይም ወደ ሶማልኛ መመለስ ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያ ጤነኛ የሆነ የ25፣ የ45፣ የ65፣ የ80 ዓመት ኢትዮጵያዊ፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ ከተሜውም ገበሬውም፣ በፈተናው ስንት እንደሚያመጣ መታወቅ አለበት። ሕመም የሚለካው ከጤና ጋር ተነጻጽሮ ነውና። ይህ ደግሞ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ጤነኞችን ፈቃድ ይጠይቃል።

ከኢባዳን የተገኘ ትምህርት

ይህ በአፍሪካ ሊሠራ የማይችል ነገር አይደለም። በ1992 የናይጄሪያው የኢባዳን ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በኢባዳን ከተማ የሚኖሩ የዮሩባ አዛውንትን በኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ጋር የሚያነጻጽር ጥናት ጀመሩ። ያላነበቡ ሰዎችም ሊመልሱት የሚችሉት ፈተና ተዘጋጀ፤ አዛውንቱን ብቻ ሳይሆን አብሯቸው የሚኖረውን ዘመድም ስለ ዕለት ኑሯቸው የሚጠይቅ ሆነ። የመርሳት በሽታ የሌለባቸው፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 2,459 የኢባዳንና 2,147 የኢንዲያናፖሊስ ነዋሪዎች ለዓመታት ተከታተሏቸው።

በ2001 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስደነቀ። በየዓመቱ አዲስ የመርሳት በሽታ የሚይዛቸው በኢንዲያናፖሊስ ከመቶ 3.24፣ በኢባዳን ግን ከመቶ 1.35 ብቻ ነበሩ። በአውሮፓውያን ዘንድ የአልዛይመር ዋነኛ የዘር አጋላጭ ተብሎ የሚታወቀው ኤፖኢ 4 የተባለው ዘረ መልም በኢባዳን ያን ያህል ጠንካራ ተጽዕኖ ሳይታይበት ቀረ። ምክንያቱ አመጋገብ፣ የደም ሥር ጤንነት ወይስ ሌላ የሚለው ክርክር አሁንም ጥናትን ይጋብዛል። ለእኛ ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፦ አራት ሺህ ስድስት መቶ ያህል ሰዎች እሺ ባይሉ ኖሮ፣ በአንድ ሕዝብ ላይ የተገኘ ዕውቀት ለሁሉም ይሠራል ተብሎ በታመነ ነበር።

የእኛ ነገር

በሀገራችን መርሳት የጀመራቸውን አዛውንት «ጃጁ» ብለን እናልፋቸዋለን። ቃሉ ክፋት የለበትም፤ ብዙ ጊዜ በርኅራኄ የሚነገር ነው። ሆኖም በአንድ ቃል ነገሩን ስለሚዘጋው ጥያቄ አያስነሣም። «ጃጁ» የተባሉት ሰው በሽታቸው አልዛይመር ይሁን፣ የደም ግፊት ያመጣው የደም ሥር ጉዳት ይሁን፣ ወይም ሊታከም የሚችል የታይሮይድ እጢ ችግር ወይም የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ይሁን ማንም አይመረምርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል በዚህ ላይ ሲሠራ የሚደበቀው በክፋት ሳይሆን በልማድ ነው።

ጊዜው ግን እየተለወጠ ነው። በ1990 ገደማ ከ50 ዓመት በታች የነበረው የኢትዮጵያውያን አማካይ የመኖር ተስፋ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ደርሷል። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ በዚያው መጠንም ከአያቶቻችን ዘመን ይልቅ እጅግ የበዙ አዛውንት ይኖሩናል ማለት ነው። የነገዎቹ አዛውንት ደግሞ ይህን መጽሔት የሚያነቡት ተማሪዎች ናቸው።

ሀገራችን ለዚህ ጥናት የምትቀበለው ብቻ ሳይሆን የምትሰጠውም አላት። ስኖውደን ለጥናቱ አንድ ዓይነት ኑሮ የሚኖሩ መነኮሳይያትን ፈልጎ አገኘ። በእኛ ሀገር ድጓውን በቃላቸው ያጠኑ፣ ቅኔ ሲዘርፉና ሲያስዘርፉ የኖሩ የአብነት መምህራን አሉ። በወሎና በሐረር፣ በሌሎችም ስፍራዎች፣ ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የያዙ ሼኮች አሉ። ከልጅነት እስከ ሽምግልና በቃል መያዝን ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች አንጎል ሲያረጅ ምን ይሆናል? ትውስታቸው ከሌላው ሰው ዘግይቶ ይደክማል ወይስ የያዙት ብቻ ተጠብቆ ሌላው እኩል ይደክማል? በሚኒሶታ ገዳም ሊመለስ የማይችል፣ እዚህ ግን ሊጠና የሚችል ጥያቄ ነው።

ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ጥናት ማካሄድም ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በቡታጅራና በአካባቢው የሕዝቡን ጤንነት ሲከታተል ኖሯል፤ በዚያም ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመሞች የተካሄደው ጥናት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጠቀስ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ፣ ሕዝቡን አስረድቶ ማሳተፍ፣ ለዓመታት መከታተል እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። ይህንኑ ልምድ ወደሚያረጀው አንጎል ማዞር ነው የሚቀረው።

ስለ ሥጋቶቹ

በጎ ፈቃደኝነትን የሚያበረታታ ሁሉ ስለ አደጋዎቹም በግልጽ የመናገር ግዴታ አለበት። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች የቂጥኝ በሽታቸው ሳይታከም የተጠኑት እውነቱ ሳይነገራቸው ነው። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ተከለከሉ። ሰው ጥናት ሲባል ቢጠራጠር አላዋቂነት አይደለም።

የመርሳት በሽታ ጥናት ደግሞ የራሱ ከባድ ጥያቄ አለው። ሄንሪ ሞሌይሰን በየጊዜው «ፈቃደኛ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ እሺ ይል ነበር፤ ነገር ግን እሺ ማለቱን ከደቂቃዎች በኋላ የማያስታውስ ሰው ምን ያህል ፈቀደ ይባላል? ከ1992 ጀምሮ ስለ እርሱ የሚወስን ሞግዚት በፍርድ ቤት ተሹሞለታል፤ ከዚያ በፊት ስለ ነበሩት ዓመታት የሚነሣው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለዚህ ነው ሰው ገና ጤነኛ ሳለ ፈቃዱን አስቦበት ቢሰጥ፣ ወይም አልፈልግም ብሎ ቢያስታውቅ፣ የሚሻለው። የጤነኛ በጎ ፈቃደኛ ዋጋ እዚህም ላይ ይታያል።

ሌላው ሥጋት ስም መጥፋት ነው። በወላይታ የዝሆኔ ዓይነት የእግር እብጠት በሽታ ላይ የዘር ጥናት ሲካሄድ ሰዎች ምን እንደሚያሳስባቸው በ2009 በታተመ ጽሑፍ ተመርምሮ ነበር። ከተገኙት ነገሮች አንዱ በሽታው በዘር የሚተላለፍ ነው መባሉ ቤተሰቡን ያስገልላል የሚል ፍርሃት ነው። የመርሳት በሽታም እንዲሁ «የእነ እገሌ ቤት በሽታ» ሊባል ይችላል። የኮሎምቢያው ሙከራ ለዚህ ብልህ መፍትሔ አበጅቶ ነበር፤ የዘረ መል ለውጡን ያልወረሱ ዘመዶችም መድኃኒት የሌለበት መርፌ እየተሰጣቸው እንዲሳተፉ ተደረገ። ስለዚህ በሙከራው ውስጥ መገኘት ብቻውን የማንንም ምሥጢር አያወጣም ነበር።

የአንጎል ልገሳን በተመለከተም ግልጽ መሆን ይገባል። ሟችን ሳይውል ሳያድር በሙሉ አካሉ መቅበር በሀገራችን ጽኑ ወግ ነው፤ ይህንን በችኮላ መነካካት ጥናቱን ሁሉ ያስጠላል። ለጊዜው የሚያስፈልገን መስፈሪያ በጥያቄና መልስ፣ በደም ግፊት ልኬትና ቢበዛ በጥቂት የደም ናሙና የሚሠራ ነው። ማንንም ከወጉ ጋር አያጣላም።

ከተማሪዎች የሚጠበቀው

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለጥናት ፈቃደኛ ሁኑ የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ አብዛኛው ተማሪ «እኔ ምን ሆኜ?» ብሎ ያልፋል። መልሱ ምንም ስላልሆንክ ነው፤ ምንም ስላልሆንሽ ነው። ተመራማሪው የሚፈልገው ያንኑ ነው። የ22 ዓመት ወጣት አንድ ሰዓት ተቀምጦ ቃላት ቢያስታውስና ሥዕል ቢሥል፣ ከዓመታት በኋላ የአንዲት አዛውንት ውጤት ከምን ጋር ይነጻጸር ለሚለው ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

ሆኖም ማስታወቂያ ያየ ሁሉ ዘሎ ይግባ ማለት አይደለም። ፈቃደኛ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ጥናቱን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶ አጽድቆታል? የሚደረግብኝ ነገር ሁሉ በምረዳው ቋንቋ ተጽፎ ተሰጥቶኛል? በማንኛውም ጊዜ ያለ ቅጣት ማቋረጥ እችላለሁ? ፈቃደኛ ባልሆን ከመምህሬ የማገኘው ማርክ ይነካል? ስሜ ከውጤቱ ተለይቶ ይቀመጣል? ናሙናዬ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ከሄደስ ማን ያዝበታል? ውጤቱ ለእኔና ለአካባቢዬ ይነገራል? ለእነዚህ ቀጥተኛ መልስ የሌለው ተመራማሪ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም። ጠያቂ በጎ ፈቃደኛ ለጥናቱ ሸክም ሳይሆን ጠባቂው ነው።

ተማሪው ከዚህም በላይ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ። በዕረፍት ጊዜ ወደየቤቱ ሲመለስ በአያቱ ቋንቋ፣ በአካባቢው አነጋገር፣ አክብሮ መጠየቅ የሚችለው እርሱ ነው። በውጭ የተዘጋጀ ጥያቄ በመንደሩ ምን ስሕተት እንደሚፈጥር ከማንም በፊት የሚታየው ለእርሱ ነው። የሥነ ልቦና፣ የቋንቋ፣ የስታትስቲክስና የሕክምና ተማሪዎች በአንድነት ሊሠሩት የሚችሉት የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ትንሽ ነው ብሎ መናቅም አይገባም፤ በመቶ ሰዎች ላይ በጥንቃቄ የተሠራ መስፈሪያ በሺህ ሰዎች ላይ በግምት ከተሠራ ይበልጣል።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይባላል። ዛሬ አያቶቻችንን የምንሰፍርበት ቁና ነገ እኛ የምንሰፈርበት ነው። ዛሬ ቁናው የሌላ ሰው ከሆነ፣ ወይም ጨርሶ ቁና ከሌለንና «ጃጁ» ብለን ካለፍን፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የእኛ ልጆች ስለ እኛ የሚሉት ያንኑ ይሆናል። ጤነኛ ሆኖ፣ ወጣት ሆኖ፣ ጠይቆና ተረድቶ ለጥናት አንድ ሰዓት መስጠት ውለታ መዋል ብቻ ሳይሆን ለራስ ሽምግልና ስንቅ ማስቀመጥ ነው።